ማዕርግና ሥራ
ስለ ጥንቱ የኅብረተሰብ ደረጃ በጅቡቲ ከተማ ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር



የተሰጠኝ ርእስ የጥንት ሕዝቦች በደረጃ ተከፋፍለው ይኖሩበት ስለ ነበረው ሥርዓት ነው። የአንግሎ ሳክሶን ሕዝብ በመኳንንት፥ በነፃ ገበሬና በባሪያ ተከፍሎ ይኖር እንደ ነበረ በታሪክ ትምህርት እናስተምራለን፤ ተማሪውም ስሞቹን በቃሉ አጥንቶ ፈተናውን ያልፋል። ነገር ግን ልቡናው የነቃ ተማሪ ደብተሩን ከመዝጋቱ በፊት «የእኛስ አገር እንዴት ነበረ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ መምህር ብዙ አይደለም። የእንግሊዝን አሮጌ መኳንንት ስም መጥራት ማንንም አያስቀይምም፤ የእኛ ደረጃ ግን በሕግ ከተሻረ በኋላ እንኳ በአንደበታችን ላይ ስለ ቀረ፥ ስለ እርሱ መናገር የሚያስፈራ ሆኗል።

እኔም ዛሬ ላስረዳ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው። በአገራችን የነበረው ደረጃ ሁለት ዓይነት ነበረ። አንደኛው ከገባር ተነሥቶ እስከ ንጉሠ ነገሥት የሚደርስ መሰላል ሲሆን፥ መውጣትም መውረድም ነበረበት። ሁለተኛው ግን በዚህ መሰላል በታችኛው እርከን ላይ እንኳ ያልተቀመጡ፥ ከመሰላሉ አጠገብ በምድር ላይ የቀሩ ሰዎች ደረጃ ነው፤ እነርሱም የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ሕግ አፍርሶታል። ሁለተኛውን ግን ሕግ ብቻውን ሊያፈርሰው አልቻለምና፥ ይህ ሥራ ለመምህሩ ተርፏል።

አስቀድሜ ስለ አንግሎ ሳክሶን ጥቂት ልበል። እነዚህ ሕዝቦች በፈረንጆች አቈጣጠር በ5ኛው መቶ ዓመት ከሰሜን ጀርመንና ከዴንማርክ አገር ባሕር ተሻግረው በብሪታንያ የሰፈሩ ናቸው። የኬንት ንጉሥ ኤተልበርት በ600 ዓመት ገደማ ያወጣው ሕግ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ከተጻፉት ሕጎች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። በሕጎቻቸው ውስጥ የሰው ደረጃ የሚታወቀው በዋጋው ነበር። ሰው የተገደለ እንደ ሆነ ገዳዩ ለሟቹ ዘመዶች የደም ካሣ ይከፍላል፤ ይህም ካሣ ወርጊልድ ይባል ነበር። በዌሴክስ መንግሥት የአንድ ነፃ ገበሬ ካሣ 200 ሽልንግ ሲሆን የአንድ መኰንን ካሣ 1,200 ሽልንግ ነበረ። በፍርድ አደባባይም አንድ መኰንን የማለው መሐላ ከስድስት ገበሬዎች መሐላ ጋር እኩል ይቈጠር ነበር። ባሪያ የሆነ ሰው ግን በተገደለ ጊዜ ዋጋው የሚከፈለው ለጌታው ነበር። ኖርማኖች እንግሊዝን በ1066 ከያዙ በኋላ በ1086 በተደረገው ታላቅ ቈጠራ ከተመዘገበው ሕዝብ ከ10 እጅ አንዱ ያህል ባሪያ ሆኖ ተገኝቷል።

ይሁን እንጂ መሰላሉ ጨርሶ የተዘጋ አልነበረም። አንድ ገበሬ በልጽጎ አምስት ሃይድ የሚባል መሬት የራሱ ቢያደርግ፥ የንጉሥ አገልግሎትም ቢኖረው፥ ለመኰንን የሚገባውን ክብር ሊያገኝ እንደሚችል የሚናገር ጽሑፍ ከመጨረሻው ዘመናቸው ተላልፎልናል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ላንሣ። እንግሊዞች ጌታውን «ሎርድ»፥ እመቤቲቱንም «ሌዲ» ይላሉ። ቃላቱ በጥንት አነጋገራቸው «የዳቦ ጠባቂ» እና «ዳቦ የምታቦካ» ማለት ነበሩ። እንግዲህ በእነርሱ ዘንድ ጌትነት የተጠራው በዳቦ ስም ነው፤ ጌታ ማለት ሎሌዎቹን የሚያበላ ነውና።

የሰውን ደም በካሣ መመዘን ለእነርሱ ብቻ የተሰጠ ልማድ አይደለም። ዛሬ በተሰበሰብንበት በዚህ አገር የሚኖሩት የኢሳ ሶማሌዎች «ሄር ኢሴ» የሚባል በቃል የሚተላለፍ ሕግ አላቸው፤ ይህም ሕግ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። በሶማሌ ልማድ የአንድ ወንድ የደም ካሣ አንድ መቶ ግመል፥ የሴት ደግሞ ሃምሳ ሆኖ ሲነገር ኖሯል። ነገር ግን ከዌሴክስ ሕግ የሚለየው ታላቅ ነገር አለ፤ ይኸውም በኢሳ ሕግ ፊት አንዱ ኢሳ ከሌላው ኢሳ አይበልጥም መባሉ ነው። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ በታጁራ ደግሞ የዓፋር ሱልጣን ያረፈ እንደ ሆነ ቦታውን የሚወርሰው ከሌላው ወገን የሆነው ምክትሉ ነው፤ ሥልጣኑም በሁለት ወገኖች መካከል በተራ ይዞራል። ከዚህ የምንረዳው፥ ደረጃ እንደ ተራራና እንደ ወንዝ ተፈጥሮ የቆየን ነገር አለመሆኑን ነው። ሰዎች ያደራጁት ነገር ስለ ሆነ፥ እያንዳንዱ ሕዝብ በየራሱ መንገድ አደራጅቶታል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እንግሊዞች ደረጃቸውን በ«ዳቦ» ቃል ውስጥ እንደ ደበቁት፥ እኛም የእኛን «ግብር» በሚል ቃል ውስጥ አኑረነዋል። ግብር በግዕዝ ሥራ ማለት ነው። በአማርኛ ደግሞ ገበሬው ለጌታው የሚያገባው እህል፥ ማርና ገንዘብ ግብር ይባላል። ጌታውም በበዓል ቀን አዳራሹን ከፍቶ ሎሌውንና ወታደሩን ሲያበላ፥ ያ ግብዣ እንደ ገና ግብር ይባላል። አንዱ ይሠራል፥ የሠራውን ይሰጣል፥ ሌላው ተቀብሎ ያበላል፤ ሦስቱም በአንድ ቃል ተጠሩ። የአሮጌውን ሥርዓት ጠባይ ከዚህ ቃል የበለጠ የሚገልጽ ረጅም መጽሐፍ ያለ አይመስለኝም።

የሥርዓቱ መሠረት መሬት ነበር። በሰሜኑ ክፍል ገበሬው ከአባቱም ከእናቱም ወገን የሚወርሰው ርስት ነበረው። በዚያው መሬት ላይ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ለመኰንን ወይም ለቤተ ክርስቲያን ጉልት ይሰጡ ነበር። ጉልት ማለት መሬቱን መውሰድ አይደለም፤ ከመሬቱ የሚገባውን ግብር የመቀበልና ባላገሩን የመዳኘት መብት ነው። ስለዚህ ባለ ርስት የሆነ ገበሬ አሥራት ያወጣል፤ በጌታው ሁዳድ ላይ ያርሳል፤ እንጨት ያቀርባል፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ግን የአያቱን ማሳ የእኔ ነው ይላል። ዳግማዊ ምኒልክ መንግሥታቸውን ወደ ደቡብ ካሰፉ በኋላ ግን በብዙ ቦታ ነገሩ ከበደ። ወታደሩና ሹሙ በየማዕርጉ መጠን ገባር ይቈጠርለት ነበርና፥ ለአንዱ ጥቂት፥ ለሌላው ብዙ ቤተ ሰብ ይታደል ነበር። በደቡብ የነበረው ገባር በአንደበቱም ቋንቋውን ለማያውቅ ጌታ ማደሩ ሸክሙን እጥፍ አደረገበት።

ማዕርጋቱም ከጦር ሜዳ የተወሰዱ ናቸው። ፊታውራሪ የፊተኛውን ጦር የሚመራ፥ ቀኛዝማች የቀኙን፥ ግራዝማች የግራውን፥ ደጃዝማች የደጁን ጦር የሚያዘምት ነው። በክህነትም በኩል ከዲያቆን እስከ ጳጳስ የሚደርስ ሌላ መሰላል ነበረ፤ በዚያም ላይ የድኻ ልጅ በትምህርቱ ኃይል ይወጣ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት የተወለደው፥ ሹመት ዛሬ ተሰጥቶ ነገ የሚወሰድ ስለ ነበረ ነው።

በዚህ መሰላል ላይ ከታች ተነሥተው ወደ ላይ የወጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። የቋራው ካሣ ጠላቶቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ሲሰድቧቸው ኖረው፥ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በወጣትነታቸው በጦርነት ተማርከው የመጡ ሲሆኑ፥ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች በተሾሙ ጊዜ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም እንዲሁ በልጅነታቸው ከጦር ሜዳ የተገኙ ምርኮኛ ነበሩ፤ በዐድዋ ጦርነት በመድፈኛነት የታወቀ ስም አተረፉ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ወደ ላይ የወጣ ሰው ሁሉ መሰላሉን አላፈረሰም፤ ይልቁንም ከላይ ከደረሰ በኋላ የሚስማማ የዘር ሐረግ ይፈለግለት ነበር። የአንግሎ ሳክሶን ነገሥታት ትውልዳቸውን ዎደን ከሚባለው ጣዖታቸው ይቈጥሩ ነበር፤ የእኛም ነገሥታት ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ይቈጥሩ ነበር፤ ይህም በ1923ና በ1948 ዓ.ም. በወጡት ሕገ መንግሥቶች ውስጥ ሳይቀር ተጽፏል።

ከገባሩ በታች ደግሞ ባሪያው ነበረ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ በዚያው ዓመት ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት ሕግ ወጣ፤ ባርነትንም ፈጽሞ የሚሽር ሕግ በ1934 ዓ.ም. ታወጀ። በዚህ በኩል ታጁራ ለብዙ ዘመን ምርኮኞች ወደ ዓረብ አገር የሚሻገሩባት ወደብ እንደ ነበረች መርሳት አይገባንም።

ክቡራንና ክቡራት፤

እስካሁን የነገርኳችሁ ስለ መሰላሉ ነው። አሁን ከመሰላሉ አጠገብ በምድር ላይ ስለ ቀሩት ልናገር።

«ጠቢብ» የሚለው ቃል በግዕዝ ዐዋቂ፥ ጥበብ ያለው ማለት ነው። ሰሎሞን ጠቢብ ይባላል። ይኸው ቃል በአማርኛ አንደበት ሲመላለስ «ጠይብ» ሆነ፤ ትርጓሜውም ብረት ቀጥቃጭ ማለት ሆነ። ከዚያም ስድብ ሆነ። ከዚያም አልፎ በዓይኑ ሰው የሚበላ፥ ሌሊት ጅብ የሚሆን ቡዳ ማለት ሆነ። አንድ ሕዝብ ለዕውቀት የሰጠውን የክብር ስም እንዲህ ወደ ጭቃ ሲጥለው ማየት ያስደንቃል።

ገበሬው ማረሻውን፥ ማጭዱንና ምሳሩን ከማን አገኘ? ወታደሩስ ጦሩን ማን ሠራለት? እመቤቲቱ እንጀራ የምትጋግርበትን ምጣድ፥ ውሃ የምትቀዳበትን እንስራ የሠራችላት ማን ናት? ሁሉም በእነርሱ እጅ የተሠራ ነው። በጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል በብረት ሥራ፥ በሸክላና በግንብ ሥራ የታወቁ ነበሩ፤ ርስት ግን አልነበራቸውም። ብዙዎቹ የሰሜን እስላሞችም ርስት ስለ ተከለከሉ በሽመናና በንግድ ይኖሩ ነበር። በጣና ዙሪያ ታንኳ የሚሠሩት ወይጦዎች የሚበሉት ከእኛ ምግብ ስለ ተለየ ተጠልተው ኖሩ። በጉራጌ አገር የቤቱን ምሰሶ የሚያቆሙት የእንጨት ሠሪዎች፥ ባቆሙት ቤት ውስጥ እንደ እኩል ሰው አይቀመጡም ነበር። እዚህ በሶማሌ ጎረቤቶቻችንም ዘንድ ቱማል ከሚባሉት ብረት ሠሪዎች ጋር ጋብቻ የተነወረ ነበር። ገባሩ ዝቅ ያለ ሰው ቢሆን ልጁ ፊታውራሪ ሊሆን ይችል ነበር፤ የቀጥቃጩ ልጅ ግን ቀጥቃጭ እንጂ ሌላ ሊሆን አይታሰብም ነበር።

ምክንያቱ ምን ይሆን? እንደ እኔ አስተያየት ዋናው ምክንያት መሬት ነው። ደረጃ በመሬት በሚለካበት አገር፥ መሬት የሌለው ሰው በምንም አይለካም። መሬት ስላልነበረው በእጁ ሥራ ኖረ፤ በእጁ ሥራ ስለ ኖረ ተናቀ፤ ስለ ተናቀም መሬት አልተሰጠውም። ከብረት ውስጥ በእሳት መልክ የሚያወጣ ሰው አስደናቂ ስለ ሆነ፥ ሕዝቡ አደነቀው፤ ሊያከብረው ግን ስላልፈለገ ፈራው። ቡዳ የሚለው ስም የዚህ ፍርሃት ልጅ ነው።

አሁን አንግሎ ሳክሶንን እንደ ገና እንጥራቸው። የዌሴክስ ንጉሥ የነበረው ኢኔ ያወጣው ሕግ፥ አንድ መኰንን መሬቱን ለቅቆ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ሦስት ሰዎች ብቻ ይዞ ሊሄድ እንደሚችል ይፈቅዳል። እነርሱም መጋቢው፥ የልጆቹ ሞግዚትና ብረት ሠሪው ናቸው። ቀጥቃጩ ከመኰንን ቤት ተለይቶ የማይቀር የተፈለገ ሰው ነበረ ማለት ነው። ያ ሕዝብ ባሪያ የሚሸጥ፥ የሰውን ደም በሽልንግ የሚመዝን ስለ ነበረ ከእኛ የተሻለ ነበር ልል አልመጣሁም። ነገር ግን ብረት ሠሪውን በመሰላሉ ውስጥ አስቀመጠው እንጂ ከመሰላሉ ውጭ አልጣለውም።

የእኛ ንቀት ያስከፈለንን ዋጋ ዐፄ ቴዎድሮስ በሚገባ ያውቁት ነበር። መድፍ ባስፈለጋቸው ጊዜ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የፈረንጅ ሚስዮናውያንን ሰብስበው «ሴባስቶፖል» የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠሩ። በአገራቸው ብረት የሚያቀልጥ ሰው ጠፍቶ አልነበረም፤ ለብዙ መቶ ዓመት ሲያቀልጥ ኖሯል። ነገር ግን ዕውቀቱ ከአባት ወደ ልጅ በድብቅ ከመተላለፍ በቀር ትምህርት ቤት ገብቶ፥ ተጽፎና ተስፋፍቶ እንዲያድግ ማንም አልፈቀደለትም። የተናቀ ጥበብ ባለበት ይቀራል።

ዳግማዊ ምኒልክም ይህን አይተው በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁ ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውንና ቆዳ ፋቂውን ብቻ ሳይሆን፥ ጽሕፈት የሚያውቀውን ሰው እንኳ ከስድብ የሚያስጥል ነበር። ጽሕፈት ማወቅም እንደ ጥንቈላ ተቈጥሮ ያሰድብ ነበርና፥ እኛ መምህራን ከቀጥቃጩ ጋር በአንድ ዐዋጅ የተጠበቅን የሙያ ወንድማማቾች መሆናችንን አንርሳ። በዚህች ከተማ መካከል ያለው፥ ዛሬ የ27 ጁን 1977 አደባባይ የሚባለው ስፍራ ቀድሞ በእኒሁ ንጉሥ ስም ይጠራ ነበር።

ከዚያ በኋላ መሰላሉ ተራ በተራ ፈረሰ። በ1958 ዓ.ም. ጉልት በሕግ ተሻረ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ፤ በዚያው ዓመት ዘውዱም ማዕርጋቱም ተሻሩ። ዛሬ ፊታውራሪ የሚሾም የለም። ነገር ግን በዚያው ዘመን ሁሉ ቡዳ የሚለው ስድብ ዐዋጅ አልደረሰበትም፤ ጋብቻ ሲፈለግም «ዘሩ ምንድር ነው?» የሚለው ጥያቄ በሹክሹክታ ይጠየቃል።

ይህች የጅቡቲ ከተማ ግን አንድ ትምህርት ትሰጠናለች። ከዚህ ወደብ በ1890 ዓ.ም. የተጀመረው የምድር ባቡር በ1895 ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በመንገዱም ላይ መጠገኛ ቤቶች ተከፈቱ፤ በዚያ ብረት የሚያግል፥ የሚቀጠቅጥ፥ የሚበየድ ሠራተኛ ተቀጠረ። ይህ ሰው በየወሩ ደመወዝ ተቀበለ፤ ሜካኒክም ተባለ። ልጁን ለእርሱ ለመዳር ያፈረ ሰው የለም። ይህ ሰው ያደረገው ግን በመንደር ወናፍ እየነፋ የሚቀጠቅጠው ሰው ከሚያደርገው በጠባዩ አይለይም፤ ሁለቱም በእሳትና በመዶሻ ብረትን ያዝዛሉ። እንግዲህ የናቅነው ሥራውን አልነበረም፤ የናቅነው ስሙን ነው። ስሙ በፈረንሳይኛ ሲሆን አከበርነው፤ በአማርኛ ሲሆን ሰደብነው። ስም የሰጠውን ንቀት ስም ሊያነሣው እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ስም ማስተማር ደግሞ የመምህር ሥራ ነው።

«ይህ ነገር ዝም ቢሉት በራሱ ይሞታል፤ ማንሣቱ ቍስልን መቀስቀስ ነው» የሚሉ አስተዋይ ሰዎች አሉ። አሳባቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን መምህሩ ዝም ሲል የመንደሩ አፍ ዝም አይልም። ልጁ «ጠይብ» የሚለውን ቃል ከእኛ ባይሰማ ከጨዋታ ሜዳ ይሰማዋል፤ በዚያም የሚሰማው ትርጓሜው ሳይሆን መርዙ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ለማሳሰብ እደፍራለሁ።

አንደኛ፥ ቃሉን ከነታሪኩ እናስተምር። ጠይብ ማለት ጠቢብ ማለት እንደ ሆነ ያወቀ ልጅ፥ ባልንጀራውን በዚህ ቃል ሊሰድብ ሲነሣ አፉ ይተሳሰርበታል።

ሁለተኛ፥ በክፍል ውስጥ በጓደኞቹ ፊት «የአባትህ ሥራ ምንድር ነው?» ብለን አንጠይቅ። መምህሩ ለመዝገብ ሲል የጠየቀው ጥያቄ ለአንዳንዱ ልጅ የአደባባይ ፍርድ ይሆንበታል። የሚያስፈልግ ቢሆን ለብቻው እንጠይቀው።

ሦስተኛ፥ ታሪክን ስናስተምር ነገሥታቱን ብቻ አንቍጠር። የጎንደርን ግንብ ያሠሩትን ንጉሥ ስም ስንጠራ፥ ድንጋዩን የጠረቡትንም እንጥራ። ስማቸው ባይጻፍ ሙያቸው ይጠራ።

በመምህራን ማሠልጠኛ ቤት የማስተምር እንደ መሆኔ መጠን፥ ነገ መምህር የሚሆኑ ወጣቶችን በየቀኑ አያለሁ። ከመካከላቸው ወላጆቻቸው በዚህ ስድብ የኖሩ ይኖሩ ይሆናል፤ ማን እንደ ሆኑ አላውቅም፤ ልጠይቃቸውም አይገባኝም። እኔ ማወቅ የሚገባኝ፥ እያንዳንዳቸው ነገ በሃምሳና በስድሳ ሕፃናት ፊት ቆመው አንድን ቃል ሲናገሩ፥ ያ ቃል ለሃምሳና ለስድሳ ቤት እንደሚደርስ ነው። ዐዋጅ በአደባባይ በነጋሪት ይጐሰማል፤ ሰሚውም ሰምቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የመምህር ቃል ግን ከልጁ ጋር አብሮ ወደ ቤት ይገባል። የዐፄ ምኒልክ ዐዋጅ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት ገና ያልተፈጸመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሊፈጸም የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።